ነፍሰ ጡሯን ማን ይጠይቃት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገራችን ልማድ አንዲት ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ ያያት ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ከወለደችም በኋላ ጎረቤቱ ገንፎ ለመቅመስ ይሰበሰባል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት የለም። ይህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን መልካም ፍቅር ነውና ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያሉት ብዙ ወራት እንዴት ያልፋሉ? ሆዷ ገና ሳይገፋ፣ ሰው ገና ሳያውቅላት፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲላት ማን አጠገቧ አለ? ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ስለ እነዚህ ወራት ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ላይ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ነፍሰ ጡር እናገኛለን። የካህኑ የዔሊ ምራት፣ የፊንሐስ ሚስት ናት። በዚያን ጊዜ እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ድል ተነሡ፤ ታቦተ እግዚአብሔር ተማረከች፤ ባሏ በጦር ሜዳ ወደቀ፤ አማቷም ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወደ ኋላው ወድቆ ሞተ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ በጆሮዋ ደረሰ። መጽሐፉም ወሬውን እንደ ሰማች ምጥ እንደ መጣባት ይናገራል። የሕክምና መሣሪያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ጸሐፊው የልብ ድንጋጤ ማኅፀን ድረስ እንደሚወርድ አይቶ ጻፈው። በዙሪያዋ የቆሙት ሴቶች ወንድ ልጅ ስለ ወለደች እንዳትፈራ ነገሯት፤ እርሷ ግን አልመለሰችላቸውም። ልጇን ኢካቦድ ብላ ሰይማ ሞተች። የሴቶቹ ቃል መልካም ነበረ፤ የደረሰው ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። እርግጥ ነው፣ የዚያን ቀን መርዶ ማንም ሊያስቀርላት አይችልም ነበር።

ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ በወንጌሉ በምዕራፍ 1 ሌላ ነፍሰ ጡር ያሳየናል። ቅድስት ኤልሳቤጥ በስተርጅናዋ ፀንሳ አምስት ወር ራሷን ሰወረች። ብዙ ዘመን «መካን» ስትባል የኖረች ሴት ናትና የሰውን ዓይንና አፍ ብትሸሽ አያስደንቅም። ቤቷ ያለው ባሏ ዘካርያስም በዚያን ጊዜ መናገር የማይችል ሆኖ ነበር። እስኪ ይህን ቤት በዓይነ ልቡናችን እንየው፤ አንዲት አሮጊት ነፍሰ ጡርና አንድ ዝም ያለ ባል! በስድስተኛው ወር ግን እመቤታችን ፈጥና ተራራማውን አገር አቋርጣ መጣች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀመጠች። ስድስትና ሦስት ዘጠኝ ነው። የሰላምታዋ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ፅንሱ በማኅፀን በደስታ መዝለሉ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፤ በሥጋዊ ምርመራ የሚፈታ ምስጢር አይደለም። እኛ ልብ እንድንለው የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ እመቤታችን የሄደችው ለገንፎው ቀን ሳይሆን ለወራቱ ነው።

አሁን ደግሞ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ስለዚህ ነገር ምን እንደ ደረሱበት እንመልከት። ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ ከኩላሊት በላይ ካሉት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቀቃል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከአደጋ እንድንሸሽ፣ ጠዋት እንድንነቃ የሚረዳን እርሱ ነው። ለፅንሱም ቢሆን መጠነኛው ያስፈልገዋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ሳንባው እንዲበስል ያደርገዋል። የፈጣሪ ጥበብ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በእናቲቱና በሕፃኑ መካከል ያለው የእንግዴ ልጅ ምግቡን እያሳለፈ፣ ከእናቲቱ የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን ኃይል ወደሌለው ነገር እየለወጠ ሕፃኑን ይጠብቀዋል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ፍጹም አይደለም። ጭንቀቱ ብርቱ ሲሆንና ሲሰነብት ጥበቃው ሊደክም፣ ከሚገባው በላይ የሆነው ወደ ፅንሱ ሊያልፍ እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። በዚያን ጊዜ አንጎሉ በፍጥነት በመሠራት ላይ ነው። ሕፃኑ ገና ሳይወለድ «የምወለድበት ዓለም የሚያስፈራ ነው» የሚል ወሬ እንደ ደረሰው ያህል ሰውነቱ ለፍርሃት ይዘጋጃል።

ታዲያ ይህ እንዴት ታወቀ? ነፍሰ ጡሮችን ለሙከራ ብሎ ማስጨነቅ ግፍ ነው። የተጨነቁትን ብቻ መርጦ ልጆቻቸውን መመልከትም አይበቃም፤ ድህነቱ ነው ወይስ ከዘር የወረደ ነው የሚል ጥያቄ ይነሣልና። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሀብታምና ድሀ ሳይለይ በሁሉ ላይ የወረደ መከራን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካናዳ አገር በኩቤክ ለቀናት የወረደው ዝናብ የነካውን ሁሉ በበረዶ እየሸፈነ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ሰባበረ። በብርቱ ብርድ ወራት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ፤ በአንዳንዱ ሰፈር ጨለማው ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ሱዛን ኪንግ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩ ሴቶችን ስንት ቀን በጨለማ እንደ ቆዩ፣ ቤታቸውን ጥለው እንደ ሄዱ፣ ምን ያህልም እንደ ፈሩ ጠይቀው መዘገቡ፤ ልጆቻቸውንም ከዓመት ወደ ዓመት ተከታተሉ። ብዙ ችግር የደረሰባቸው እናቶች ልጆች በሁለት ዓመታቸውም፣ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላም በቋንቋና በማስተዋል ፈተና ጥቂት ካገኛቸው እናቶች ልጆች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ጨለማውን በዓይናቸው ያላዩት ልጆች የጨለማው ተካፋይ ሆኑ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማና በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ሊወልዱ በነበሩ ከ14 ሺህ በሚበልጡ እናቶች ላይ የተጀመረው ጥናትም ሌላ ነገር ያስተምረናል። በእርግዝናቸው መጨረሻ እጅግ የተጨነቁት እናቶች ልጆች የጠባይና የስሜት ችግር የሚያገኛቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። «በእጥፍ» የሚለውን ቃል ሰምተን እንዳንደነግጥ ግን ቁጥሩን እንመልከት። ከመቶ ልጆች አምስት ያህል የነበረው ወደ አሥር ያህል ከፍ አለ ማለት ነው። ዘጠና ያህሉ ደኅና ናቸው! በዚህ ላይ ደግሞ ከተወለዱ በኋላ የሚያገኙት ፍቅርና እንክብካቤ በማኅፀን የደረሰባቸውን ብዙ ሊያቀልል ይችላል። በሀገራችንም በቡታጅራ ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ብዙ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው ሴቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ መርዘሙ፣ ጡት ማጥባት መጀመራቸውም መዘግየቱ በዝቶ ተገኝቷል፤ በልጆቹ የልደት ክብደት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ይህን የምንጠቅሰው ነገሩን ከመጠን አልፎ የሚያጋንን ሰው ስለማይጠፋ ነው።

የሚያጋንን ሰው ካልን ዘንድ በየመንደሩ የሚሰማ አንድ ንግግር እናንሣ። ልጅ ሲያስቸግር፣ ትምህርት ሲከብደው፣ «አንቺ አርግዘሽው ስታለቅሺ ስለ ከረምሽ ነው» ተብሎ እናቲቱ ትወቀሳለች። ይህ የተመራማሪዎቹን ቃል አጣምሞ መተርጎም ነው። ኩቤክ ላይ በረዶውን ያወረዱት እናቶቹ አይደሉም። የፊንሐስ ሚስትም ጦርነቱን አላወጀችም። በእኛም ሰፈር ያለችውን ነፍሰ ጡር ያስለቀሳት ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ሰክሮ የሚገባ ባል፣ በወር መጨረሻ ቤት ልቀቂ የሚል አከራይ፣ በቃል የምትወጋ አማት፣ ሆዷን አይቶ ከሥራ ሊያስወጣት ምክንያት የሚፈልግ አሠሪ እናገኛለን። (በነገራችን ላይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናቲቱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷታል። በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህን ይወቁት።) ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ሀገራችን በተደረገው ጦርነትም ስንት ነፍሰ ጡር ከቤቷ ተሰደደች! በዚያን ጊዜ በማኅፀን የነበሩት ልጆች ዛሬ በእግራቸው ቆመዋል፣ ፊደልም የሚቆጥሩ አሉ። የሕፃናት ክፍል የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሩ ድንገት ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ስታገኙ በአለንጋ ከመቸኮላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ለነፍሰ ጡር «አትጨነቂ» ማለትም ብቻውን አይረባትም። እንዲያውም በፊት ስለ ቤት ኪራይ የምትጨነቅ የነበረችውን ስለ መጨነቋ ደግሞ እንድትጨነቅ ያደርጋታል። ኪራዩ እስካልተከፈለ ድረስ ምን ታድርግ?

ከሁሉ ይልቅ የምናስባት ግን አንዲት እኅት አለች። ትናንት በመዝሙር ክፍል አብራን የዘመረች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት የቆመች፣ ሳታገባ ያረገዘች እንደ ሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ በብዙ አጥቢያ አትታይም። ማንም «አትምጪ» ሳይላት ትቀራለች፤ በአጥሩ ሥር የሚንሾካሾከውን ታውቀዋለችና። ቤተሰቧ ይቈጣታል፤ ያረገዘችለት ሰው ስልኩን ዘግቷል። እርሷ እንደ ኤልሳቤጥ ራሷን ትሰውራለች፤ ተራራውን አቋርጦ የሚመጣላት ግን የለም። ንስሐ የሚያስፈልግ ከሆነ የንስሐ አባት አላት፤ ይህ ሥራ የካህን እንጂ የእኛ የወጣቶች አይደለም። በማኅፀኗ ያለው ሕፃን ደግሞ ምንም አልበደለም። የእናቱ ሐሜት በደሟ በኩል እንዲደርሰው የሚፈርድ ሕግ በቤተ ክርስቲያን የለም። ነገሩን በኃጢአትነቱ አቅልለን እያየነው ነው የሚል ቢኖር፣ እኛ የምንለው ጠይቋት ነው፤ ጠይቆ ማጽናናት ደግሞ ኃጢአትን ማጽደቅ ሆኖ አያውቅም።

መጠየቅ ምን ይጠቅማል ለሚል ከፓኪስታን ገጠር የተገኘውን እንንገረው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በእርግዝናቸው መጨረሻ በመንፈስ ጭንቀት የተያዙ ከ900 የሚበልጡ እናቶች በሁለት ተከፈሉ። ለሁለቱም ወገን የመንደር ጤና ሠራተኞች ቤታቸው እየሄዱ ጠየቋቸው፤ ልዩነቱ ለአንደኛው ወገን የሚሄዱት እናቲቱን እንዴት ማዳመጥ፣ ሐሳቧን እንዴት ማቅናት፣ ቤተሰቧንም እንዴት ማስተባበር እንደሚገባ ተምረው መሄዳቸው ነው። እነዚህ ሐኪሞች አልነበሩም፤ የዚያው አካባቢ ሴቶች ናቸው። ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው በአንደኛው ወገን በሕመሙ ውስጥ የነበሩት እናቶች ከመቶ 23 ሲሆኑ በሌላው ወገን ከመቶ 53 ነበሩ። ሕፃናቱም በተቅማጥ መታመማቸው ቀነሰ፤ ክትባታቸውን የጨረሱትም በዙ። እንግዲህ ዝም ብሎ ሄዶ መመለስና አዳምጦ መመለስ አንድ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከክፍላችን እኅቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰፈራቸው ያለችውን ነፍሰ ጡር እንዲጠይቁ አስበናል። ሲሄዱ ለመምከር አይቸኩሉ፤ ውኃ ካልተቀዳ ይቅዱ፣ ልብስ ካለ ይጠቡ፣ ስታወራ ይስሙ። የሰሙትን ከቤቷ አያውጡ። ስለ ጾሙ ጉዳይ ብትጠይቃቸው ወደ ንስሐ አባቷ ይምሯት እንጂ ከራሳቸው አይፍረዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትመረመር መክሯልና ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሯት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይኑራት። ለሳምንታት የማትተኛ፣ የማትበላ፣ መኖር አስጠላኝ የምትል ከሆነ ግን ጸበሉንም ሕክምናውንም ሳያዘገዩ ያድርሷት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወንድሞችም አልተረሱም። እንጨት መፍለጥ፣ ዕቃ መሸከም፣ በወር መጨረሻ ለኪራዩ የሚጎድለውን ማዋጣት የእነርሱ ድርሻ ይሁን። ያገባችሁም በቤታችሁ ያለችውን አስቀድሙ፤ ዘካርያስ ዝም ያለው መናገር ስለ ተሳነው ነው፣ እናንተ ግን ምላስ አላችሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ የየሰፈሩ ተጠሪዎች በአዳራሹ ይቆዩ። የነፍሰ ጡሮቹ ስም በጽሑፍ ስለማይያዝ እያንዳንዱ ተጠሪ የሚያውቃትን በልቡ ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያም ከመዝሙር ክፍል ከቀሩት እንጀምራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።