ውለታ ሥልጣን ይወልዳልን?

ውለታ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ዘንድ ከባድ ቃል ነው። የተደረገለትን የሚዘነጋ ሰው ከሰው ሚዛን ይወርዳል፤ «ውለታ ቢስ» መባልም ከብዙ ስድብ የከፋ ነው። «ብድር በምድር» የሚለው ብሂልም በጎ ሥራ ሳይመለስ እንዳይቀር ያሳስባል። ነገር ግን ይኸው ብሂል የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው ጎረቤቱን ከሚቃጠል ቤት ቢያወጣው፣ ጎረቤቱ ዕድሜ ልኩን ሊያመሰግነው እንደሚገባ ማንም አይጠራጠርም። ታዲያ ቤቱ እንደገና ሲሠራ አዳኙ የበሩን ቁልፍ ልያዝ፣ ጓዳውን ልዘዝ፣ ከልጆችህ ማን የት እንደሚተኛ ልወስን ቢል፣ የዋለው ውለታ ይህን ሁሉ ያስገኝለታልን? በግለሰቦች መካከል ሲሆን መልሱ ቀላል ይመስላል። በመንግሥታት መካከል ሲሆን ግን ጥያቄው ደም፣ ገንዘብና ሕግ ስለሚገቡበት ይወሳሰባል።

የአንድ አገር ጦር በሌላ አገር ምድር ሰፍሮ የዚያን አገር መንግሥት ሲደግፍ፣ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ቅራኔ ከሰዎች ክፋት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ከሁኔታው ባሕርይ የሚወለድ ነው። ጦሩ የሚጠየቀው በራሱ አገር መንግሥት ፊት ነው፤ የሚደገፈው መንግሥት ግን የሚጠየቀው፣ ቢያንስ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ነው። አንዱ የሚያስበው ስለ ጦር ግንባር፣ ስለ ስንቅና ስለ መንገድ ደኅንነት ሲሆን፣ ሌላው የሚያስበው ስለ ግብር፣ ስለ ፍርድና ስለ ክብሩ ነው። ሁለቱ በጠላታቸው ማንነት ላይ ሊስማሙ ይችላሉ፤ አገሩን ማን ያዝዛል በሚለው ላይ ግን ስምምነታቸው ብዙ አይዘልቅም።

ኢትዮጵያ ከ1933 እስከ 1937 ዓ.ም. ያሳለፈችው ጊዜ ይህን ቅራኔ በግልጽ ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ፤ ሰንደቅ ዓላማም ተከሉ። ጥር 27 ቀን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን፣ ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ቢቆም መንግሥታቸው በደስታ እንደሚቀበለው ለምክር ቤታቸው አስታወቁ። በዚያው መግለጫ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እየተመካከረ የሚሠራ ጊዜያዊ ወታደራዊ አመራርና ቁጥጥር እንደሚኖር ጨመሩ። ይኸው የእንግሊዝ መንግሥት ከሁለት ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ግዛት በሕጋዊነት አውቆ ነበር። እንግዲህ ውለታው ሲጀመር ያልተከፈለ ዕዳ ከኋላው ነበረበት።

ስለ ድሉ የሚሰጠው ፍርድ ሚዛናዊ መሆን ይገባዋል። ከኬንያ፣ ከሱዳንና ከኤርትራ በኩል የዘመተው ጦር ባይኖር ኖሮ የፋሽስቱ ኃይል በዚያ ፍጥነት ባልፈረሰ ነበር። በዚያ ጦር ውስጥ የተሰለፉትም እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም፤ ሕንዶች፣ ሱዳኖች፣ ናይጄሪያውያን፣ የጎልድ ኮስት፣ የደቡብና የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩበት። በአንጻሩ አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ ባያደርጉት ኖሮ፣ ኮሎኔል ዊንጌት ይመሩት የነበረው ትንሽ የጌዴዎን ጦር ጎጃምን ሊያቋርጥ ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ውለታው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች የጋራ ጠላታቸውን ሲወጉ አንዱ ለሌላው ባለውለታ ሆኗል። ይሁን እንጂ ታንክና አውሮፕላን የያዘው ወገን የራሱን ድርሻ ብቻ በመዝገብ አሰፈረ።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በስም ላይ ነበር። ጦሩን ተከትሎ የመጣው አስተዳደር «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ይባል ነበር። በዚህ አጠራር መሠረት ኢትዮጵያ ነጻ የወጣች አገር ሳትሆን ከኢጣልያ የተማረከች መሬት ነበረች። የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ሳይገቡ እንዲቆዩ ተደረገ። የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእንግሊዝ የፖለቲካ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ተቃውሞ አቀረቡ። ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን መልሰው ሊይዙ አይችሉም የሚል ነበር ሐሳባቸው።

የእንግሊዞቹ ክርክር ያለ ምክንያት የተሰነዘረ አይደለም። ጦርነቱ በሰሜን አፍሪካ ገና ይፋፋም ነበር፤ በጎንደር የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በከተሞች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የኢጣልያ ሲቪሎች ነበሩ፤ ለእነርሱ ደኅንነት የጦሩ አዛዥ ኃላፊነት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1907 በሄግ የተደነገገው የጦርነት ሕግም ግዛት የያዘ ጦር ጸጥታ እንዲያስከብር ያዛል። ነገር ግን ይኸው ሕግ የአገሩ ነባር ሕጎች እንዲከበሩ ያዝዛል፤ ለያዘው ጦርም የጊዜያዊ ጠባቂነትን እንጂ የባለቤትነትን መብት አይሰጥም። ጠባቂ የሚያስፈልገው ባለቤት በሌለበት ቤት ነው። ባለቤቱ በደጃፉ ቆሞ እያለ «ከሌባው ጋር ተፈራርመን እስክንጨርስ ቁልፉ ከእኛ ጋር ይቆይ» ማለት፣ ለባለቤቱ ቃል ከሚሰጠው ይልቅ ለሌባው ፊርማ ብዙ ክብደት መስጠት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ገንዘብ ነበር። ከዚያ በፊት የኡጋንዳ ገዥ በነበሩት በሰር ፊሊፕ ሚቼል አማካይነት የተደራደሩበት ውል ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ተፈረመ። ውሉ ኢትዮጵያን ነጻ መንግሥት ብሎ ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000፣ በሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ እንደሚሰጥ፣ ውሉ ከቀጠለም በሦስተኛው 500,000፣ በአራተኛው 250,000 ፓውንድ እንደሚከተል ይደነግጋል። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች መንግሥታት መልክተኞች ሁሉ የፊተኛነት ቦታ እንዲኖረው፣ እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች እንዲሾሙ፣ የምድር ባቡሩ በጦሩ ቁጥጥር ሥር እንዲቆይ፣ ኦጋዴንና በፈረንሳይ ሶማሌ ወሰን ያለው መሬት በወታደራዊ አስተዳደር እንዲያዝ ያደርጋል። በገበያውም የሚዘዋወረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። እንግዲህ አንድ መንግሥት ሉዓላዊነቱ በመግቢያው አንቀጽ ላይ ታውጆለት፣ በተከታዮቹ አንቀጾች ሊሸራረፍበት ይችላል።

ይህ ሲባል እንግሊዞች ሁሉ አንድ ልብ ነበራቸው ማለት አይደለም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከጦሩ ቀድመው ጎጃም የገቡት ዳንኤል ሳንፎርድ፣ ነጻነቷ የተሟላ ኢትዮጵያ እንድትቆም የሚደግፉ ሰው ነበሩ፤ ዊንጌትም እንዲሁ። የሰው መልካምነት ግን የሥርዓቱን ባሕርይ አይለውጥም። በጎ ፈቃድ ያለው አማካሪ ነገ በሌላ ሊተካ ይችላልና፣ የአንድ አገር ነጻነት በእንግዳው ደግነት ላይ ከተመሠረተ መሠረቱ አሸዋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ ሁሉ በውጭው ጦር ላይ የተጣለ ይመስላል። ከባዱ የግብረ ገብ ጥያቄ ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የቀዳማይ ወያኔ አመፅ ተነሣ። ከመንስዔዎቹ መካከል የግብር ጫናና የሹማምንት በደል ነበሩበት። መንግሥቱ አመፁን ብቻውን ሊያበርድ ባለመቻሉ የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ። በመስከረም መጨረሻ 1936 ዓ.ም. ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌንና አካባቢዋን ደበደቡ። በአንድ በኩል «በቤቴ አትዘዙኝ» እያለ ከእንግሊዞች ጋር ይከራከር የነበረው መንግሥት፣ በሌላ በኩል በገዛ ዜጎቹ ላይ የእነርሱን ቦምብ አስጣለ። ከሰባት ዓመት ተኩል በፊት በፋሽስት አውሮፕላን የተደበደበው ገበሬ፣ አሁን የሚጮኸው ሞተር የወዳጅ ነው ቢባል ምን ሊጽናና ይችላል?

አንዳንዶች መንግሥት አመፅን የማብረድ መብት አለው፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ከየት እንደ መጣ ጉዳዩን አይለውጠውም ይሉ ይሆናል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። ከዜጋው ጋር በግብርና በፍርድ ጉዳይ የሚጣላ መንግሥት ግን፣ ጠቡን ለመፍታት ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ መደራደር ወይም ማስገደድ። የራሱ ኃይል ውሱን ሲሆን መደራደር ግድ ይለዋል፤ ሕዝቡን እንዲሰማ የሚያደርገውም ይኸው ውሱንነት ነው። የውጭ ጦር ያንን ውሱንነት ሲሸፍንለት ጆሮውንም አብሮ ይሸፍንለታል። እንግዲህ ባዕድ ደጋፊ በአንድ መንግሥት ላይ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ማዘዙ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡን ከመስማት ማሰናበቱም ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል ለሰው ጠመንጃም ይሠራል።

ከዚህ አኳያ በሌሎች አገሮች የደረሰውን ማነጻጸር ይጠቅማል። በደቡብ ቬትናም ንጎ ዲን ዲየም በአሜሪካ ድጋፍ ለዓመታት ገዙ። ከደጋፊዎቻቸው ጋር በተቃቃሩ ጊዜ የገዛ ጄኔራሎቻቸው አሜሪካ እያወቀች ገለበጧቸው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1963 ተገደሉ። በአፍጋኒስታን ሃፊዙላ አሚን የሶቪየት ጦር እንዲገባላቸው ደጋግመው ጠየቁ፤ ጦሩ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1979 ገባ፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በዚሁ ጦር እጅ ሞቱ። በዚያችው አገር ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ያቆመችው መንግሥት ተመሳሳይ ዕጣ ጠበቀው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 በዶሃ ከታሊባን ጋር ስትፈራረም የካቡል መንግሥት በፈራሚነት አልተገኘም፤ ኦገስት 15 ቀን 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ወደቀች። የእነዚህ መንግሥታት ችግር አንድ ነበር። ደጋፊያቸውን ሲታዘዙ የሕዝባቸውን አመኔታ ያጣሉ፤ ሲቃወሙት ደግሞ የቆሙበትን ጉልበት ያጣሉ።

ኢትዮጵያ ከዚህ አጣብቂኝ የወጣችው በምን ነበር? አንደኛ፣ ከእንግሊዝ ጦር በፊትም ሆነ በኋላ በምድሩ ላይ የቆመ፣ ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ነበራት፤ መንግሥቱ ከባዕድ ሻንጣ የወጣ አልነበረም። ሁለተኛ፣ የ1934ቱ ውል የጊዜ ገደብ ስለነበረው ግንቦት 1936 ዓ.ም. የማፍረሻ ማስታወቂያ ሊሰጥ ተቻለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው አዲስ ውል የፊተኛነትን ቦታና የባቡሩን ቁጥጥር አስቀረ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሷ ገንዘብ ወጣ። ሆኖም ኦጋዴን እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ አልተመለሰም፤ ስለ ሐውድና ስለ ቀሪው መሬት የተፈረመው ውልም ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው መንገድ ሌላ ደጋፊ መፈለግ ነበር፤ ይህም ከአሜሪካ ጋር ወዳጅነትን አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሥመራ ለነበረው የቃኘው ጣቢያ የተፈረመው ውል ግን አንዱን ደጋፊ በሌላ መተካት ጥያቄውን እንደሚያዘገየው እንጂ እንደማይዘጋው አመልክቷል።

ከዚህ ሁሉ ሦስት መመዘኛዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ረዳቱ የሚረዳውን በምን ስም ይጠራዋል የሚል ነው፤ ወዳጅ ይለዋል ወይስ ምርኮ? ሁለተኛው ለእርዳታው የተወሰነ ጊዜ አለው ወይ የሚል ነው፤ መውጫ ቀኑ ያልታወቀ እንግዳ እንግዳ አይደለምና። ሦስተኛውና ዋናው ጠመንጃው ወዴት ዞሯል የሚል ነው፤ ወደ ወራሪ ወይስ ወደ ዜጋ? ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች የሚመልሰው የውጭው ጦር ነው። ሦስተኛውን ግን የሚደገፈውም መንግሥት ይመልሳል፤ በዚያም ላይ ማንንም ሊያሳብብ አይችልም።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የድል በዓል ለረጅም ዘመን የተከበረው ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት በሚያዝያ 27 ነው። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ በዓሉ ለዓመታት ወደ መጋቢት 28፣ የፋሽስት ጦር ከዋና ከተማው ወደ ወጣበትና የእንግሊዝ ጦር ወደ ገባበት ቀን፣ ተዛውሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አንዱ ቀን የአንድን ንጉሥ መመለስ ያጎላል፤ ሌላው በባዕድ ጦር መግቢያ ላይ ይወድቃል። አምስት ዓመት በዱር የኖረው አርበኛ፣ ስንቅ ተሸክማ የተከተለችው ሴት፣ በመቀሌ ገበያ የተደበደበው ገበሬ በሁለቱም ቀን ሙሉ ቦታ አላገኙም። ታሪኩን የሚያስተምረው መምህር፣ የሚሥለው ሠዓሊ፣ በመድረክ የሚያቀርበው ጸሐፌ ተውኔት እነዚህን ሰዎች ባነሡ ቁጥር የውለታው ሒሳብ ይስተካከላል። ለተዋጋው የባዕድ ወታደር ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናውም ሊነፈግ አይገባም። ማዘዝ ግን ከሕዝብ የሚሰጥ አደራ እንጂ በውለታ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ይህም ለመጣው ጦር ብቻ ሳይሆን በእርሱ ለተደገፈው መንግሥትም የሚሠራ ፍርድ ነው።