ክርና ኪሮሽ ይዞ ለዕረፍት መሄድ



ትምህርት ቤቶች በሰኔ ወር ማብቂያ ሲዘጉ በከተማ የሚማሩ ልጆች ወደየወላጆቻቸው መንደር ይመለሳሉ። ከባሕር ዳር ወደ አዴት፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደየገጠሩ ከሚጓዙት ልጃገረዶች መካከል የክር ልቃቂት፣ ኪሮሽ፣ የተጀመረ ዳንቴል ወይም የሹራብ መሥሪያ መርፌ ከደብተራቸው ጋር አብረው የሚቋጥሩ አይጠፉም። እናቶቻችንም ዘመድ ለመጠየቅ ሲወጡ እንዝርትና የተነደፈ ጥጥ ይዘው መሄድን ያውቁበታል። እንግዲህ ዕረፍት ማለት ሥራን መተው ከሆነ፣ ሥራን ይዞ ወደ ዕረፍት መሄድ ምን ማለት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሥራ፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ሰው ክብር ያለንን አሳብ ሁሉ የሚነካ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፣ እጅ ካላረፈ ሰው አላረፈም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ ባዶ እጅ መቀመጥ ነውር ነው የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን እጅን እንጂ ሰውን አይመለከቱም።

ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን እንዳረፈ የሚነግረን ደክሞት ነበር ለማለት አይደለም። የሠራውን መልካም እንደ ሆነ አይቶ፣ ቀኑን ባርኮና ቀድሶ ዐረፈ። ስለዚህ ዕረፍት የሥራ መቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሰው ከሥራው በላይ መሆኑን የሚያይበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በ881ኛው አንቀጽ ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ሲደነግግ፣ ምእመናን ለእግዚአብሔር የሚቀርበውን አምልኮ፣ የቀኑን ደስታ፣ የአእምሮንና የሥጋን ተገቢ ዕረፍት ከሚያሰናክሉ ሥራዎች እንዲታቀቡ ያዛል። ልብ እንበል፤ ቀኖናው የመሣሪያ ዝርዝር አላወጣም። ማረሻ ይከልከል፣ ብዕር ይፈቀድ፣ እንዝርት ይቀመጥ አላለም። የሚጠይቀው ሥራው በሰውየው ላይ የሚያደርገውን ነው። በሰንበት ከሰዓት በኋላ ዳንቴል መሥራት ኃጢአት ነው ወይ ተብለው ለሚጠየቁ መምህራን መልሱ ከዚህ ይነሣል።

የእጅ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ለድርና ለማግ ተለይቶ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል በአንድ ቀን አይገኝም፤ በቡና ሰዓት፣ በጨዋታ መካከል፣ በእንግድነት ቤት ከሚገኝ ቁርጥራጭ ጊዜ የሚጠራቀም ነው። እጅ ከለመደው በኋላ ዓይንና ጆሮ ነፃ ይሆናሉ፤ ጨዋታው አይቋረጥም፤ ጸሎትም ይቻላል። በአንጻሩ ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ የያዘ ሰው እጁ ሥራ ፈትቶ ሳለ ልቡ አጠገቡ ከተቀመጠው ወገኑ ርቆ ሊሄድ ይችላል። ከሁለቱ ያረፈው ማን ነው?

ይህን የበረሃ አባቶች አስቀድመው ያውቁት ነበር። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ ታክቶ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግመኛም ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ፤ እርሱም ትምህርት ሊሰጠው የተላከ መልአክ እንደ ነበረ ይተረካል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለው ጥንታዊ ትውፊትም እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የቤተ መቅደሱን መጋረጃ ክር ስትፈትል መልአኩ እንዳበሠራት ይናገራል፤ የአገራችን ሠዓልያንም የብሥራቱን ሥዕል ሲሥሉ እንዝርት አስይዘው የሚያሳዩአት ስለዚህ ነው። ክሩ በእጇ መሆኑ የመልአኩን ቃል ከመስማት አልከለከላትም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ጌታ ማርታን የገሠጻትም ስለ ሠራች ሳይሆን በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው።

ይሁን እንጂ የእጅ ሥራን እንዲሁ አወድሰን ብናልፍ ትልቁን ጉዳይ እንዘነጋለን። በገጠራችን ክረምት የዕረፍት ወራት አይደለም። ጤፍ የሚዘራበት፣ በቆሎ የሚታረምበት፣ ጎታው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ቤት ሲገቡ ወንድም ለዕረፍት መጣ ይባላል፤ እኅት ግን ለማገዝ መጣች ይባላል። እርሱ ከአረም ሲመለስ ይቀመጣል፤ እርሷ ከአረም ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች። በመጨረሻም ሁሉ ሲቀመጥ አብራ እንድትቀመጥ ምክንያት የሚሆናት ያ ክር ነው። እጇ ባዶ ቢታይ ሌላ ሥራ ይታዘዝላታልና። እንግዲህ ክሩ ለእርሷ ጌጥ ብቻ ሳይሆን መጠለያ መሆኑን እናስተውላለን። ቋንቋችን ስለ ሞተ ሰው ሲናገር ዐረፈ ይላል፤ ከእናቶቻችን መካከል ዐረፈች የተባለላቸው በቀብራቸው ዕለት ብቻ የሆነ ስንት ናቸው!

ስለዚህ ጥያቄው ልጅቱ ክር ይዛ ለምን መጣች የሚል ሊሆን አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ክሩን ብታስቀምጠው የምታርፍበት ቤት አላት ወይ የሚል ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ዋጋ የሚመዘነው አስቀድሞ በሚሠራው ሰው ክብር እንጂ በተሠራው ነገር ዓይነት እንዳልሆነ አስተምረዋል። ይህ ለፋብሪካ ሠራተኛ እውነት ከሆነ በምድጃ ዳር ለተቀመጠችው ልጃገረድም እውነት ነው።

በተጨማሪ ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበርና፣ ለብዙ ልጆች ያ ክረምት በመስከረም አላበቃም። በግድ የመጣ ሥራ ፈትነት ዕረፍት አይባልም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ኪሮሽ ልብን ያጽናናል፤ ለደብተር መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ያስገኝ ይሆናል። የደብተሩን ቦታ ግን ሊተካ አይችልም፤ ባለሙያ ልጅ ናት ብለን እያመሰገንን ትምህርቷን ብንረሳው በምስጋናችን በደልናት ማለት ነው።

መምህራን ይህን ጉዳይ ከወጣቶች ጋር ሲወያዩ በሦስት ጥያቄዎች ቢመሩት መልካም ይመስለናል። አንደኛ፦ የያዝኩትን ሥራ እንግዳ ሲመጣ፣ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሳልበሳጭ ላስቀምጠው እችላለሁ ወይ? ማስቀመጥ የምችለው ሥራ አገልጋዬ ነው፤ ማስቀመጥ ያቃተኝ ግን ጌታዬ ሆኗል። ሁለተኛ፦ ለማን ነው የምሠራው? በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 9 የተነገረላት ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ሦስተኛ፦ እኔ ሳርፍ ሸክሜ በማን ላይ ወደቀ? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለአባቶችና ለወንድሞች ነው።

እንግዲህ በመጪው ክረምት ልጆቻችን ክርና ኪሮሽ ይዘው ቢመጡ በደስታ እንቀበላቸው። ወንዶች ልጆቻችንም እንስራውን ያንሡ፣ ምድጃውን ይጠብቁ፣ ሕፃኑን ይያዙ። ያን ጊዜ እኅትና እናት ክሩን ቢያነሡትም ቢያስቀምጡትም ዕረፍታቸው የእውነት ዕረፍት ይሆናል።