ፊርማው ደረሰ፤ አደራውስ?

እንግሊዞች «የተመዘገበ» የሚሉትን ደብዳቤ እኛ «የአደራ ደብዳቤ» እንለዋለን። እነርሱ መዝገቡን ሲያዩ እኛ አደራውን አየን። አደራ ደግሞ ለሙስሊም ቀላል ቃል አይደለም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደራን መክዳት ከሙናፊቅ ምልክቶች ቆጥረውታልና። ታዲያ አደራው ደረሰ የምንለው መቼ ነው? ፊርማ ሲገኝ ነው ወይስ ባለቤቱ እጅ ሲገባ?

አሠራሩን እንመልከት። ደብዳቤው ለመድረሱ ማረጋገጫ የሚፈልግ ላኪ ተጨማሪ ሂሳብ ይከፍልና ካርድ ይያያዝለታል፤ ካርዱም ተፈርሞበት ይመለሳል። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ በቅድሚያ ተቀባዩ ራሱ እንዲፈርም ይላል። ካልተቻለ ግን ሌላ የተፈቀደለት ሰው፣ የአገሩ ደንብ ከፈቀደም የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሊፈርም ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ደብዳቤ ባመዛኙ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥኑም ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ነው። ተላላኪው ፈርሞ ይረከባል፤ ደብዳቤው ግን መሳቢያ ውስጥ ሊከርም ይችላል። ላኪው ቅሬታ ይዞ ሲቀርብ «ደርሷል፤ ፊርማውን ተመልከት» ይባላል። ፊርማው የማን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ፊርማ ይቅር ማለታችን አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽም የየቲም ገንዘብ ያዥ ንብረቱን ሲያስረክብ ምስክር እንዲያቆም ካዘዘ በኋላ፣ ተቆጣጣሪው እርሱ ራሱ አላህ መሆኑን ያስታውሳል። ልብ በሉ፤ ምስክር የሚቆመው በርክክቡ ላይ ነው። ርክክብ በሌለበት ምስክሩ ምን ይመሰክራል?

ወቀሳው በፖስታ ቤት ላይ ብቻ አያበቃም። እህቱ አድራሻዋን መቀየሯን እያወቀ ስለ ውርሱ በአሮጌው ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ ልኮ፣ «አሳውቄያታለሁ፤ ማስረጃውም ይኸው» የሚል ወንድም አለ። ዳኛው በቀረበለት ወረቀት ይፈርድለት ይሆናል። ነገር ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው እንደመሆናቸው በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ በክርክር ብልጫ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የእርሳቸው ፍርድ ሐራሙን ሐላል ካላደረገ፣ የፖስታ ካርድ እንዴት ያደርገዋል?

ስለዚህ ፈራሚው ስሙን በግልጽ ይጻፍ፤ ለሌላ ሰው የተረከበም በዕለቱ ለባለቤቱ ያድርስ። ላኪም ካርዱ ተመለሰልኝ ብሎ ከመተኛት ተቀባዩ ማግኘቱን ይጠይቅ። ማኅተምና ፊርማ በሰው ፊት ነፃ ያወጡ ይሆናል። በአላህ ፊት ነፃ የሚያወጣው ግን አደራን ለባለቤቱ ማድረስ ነው።

ወላሁ አዕለም።