ስለ ጀማሪነት ዕፍረት፤ በቶተንሃም ለሚኖሩ ልጆቻችን

ባለፈው የስቅለት ዕለት ሕዝበ ክርስቲያኑ እንደ ሥርዓቱ ሲሰግድ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ጐበዛዝት ስግደቱን ከእኩሌታ ሳያደርሱ ወገባቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሲጠጉ፣ ጉልበታቸው ያበጠባቸው የሰባ ዓመት እናቶች ግን ነጠላቸውን አደግድገው እየወደቁና እየተነሡ ቀኑን ሲፈጽሙ አይቻለሁ። በእንደዚያ ያለ ቀን ሰውን መመልከት ተገቢ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን አጠገቤ የቆመው ጕልማሳ ትንፋሹ ከዜማው በላይ ይሰማ ስለ ነበር፣ ዓይኔን መከልከል አልተቻለኝም። ድካሙ ከጾም የመጣ ነው የሚል ቢኖር፣ እናቶቹም ጾመኞች ነበሩ እለዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቶተንሃምና በአካባቢው የሚኖሩ ልጆቻችንን፣ አንዳንዶቹን ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዳንዶቹን በሰቨን ሲስተርስ ቡና ሲጠጡ እያገኘሁ፣ ጂም የሚባለው ቤት በየመንገዱ ተከፍቶ ሳለ ስለ ምን እንደማይገቡ፣ የሚያስተምራቸውም ሰው ስለ ምን እንደማይዙ ጠይቄአለሁ። መልሱ ብዙ ነው። ወርኃዊው ክፍያ ከበደኝ ያለኝ ልጅ፣ በእግሩ ያደረገው የስፖርት ጫማ ዋጋ የአራትና የአምስት ወር ክፍያ የሚሸፍን ነበር፤ ያም ጫማ ከቡና ቤቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ካልሆነ በቀር መሮጫ አይቶ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ተመዝግቦ፣ ገንዘቡ በየወሩ ከባንክ ሂሳቡ እየተቈረጠ፣ እርሱ ግን ከበሩ ደርሶ አያውቅም፤ ይህን ያህል የዘወትር መባ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ ኖሮ ስሙ በጸሎት ይነሣለት ነበር።

ጊዜ የለኝም የሚለውን ግን እንደ ሌሎቹ አልገሥጸውም። ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌ ሲያነሣና ሲያስተኛ፣ ወይም የሌላ ሰው ቢሮ ሲያጸዳ ያደረ ልጅ፣ ጧት መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንቅልፍ እንጂ ክብደት ማንሣት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚችው በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ጆርጅ ዊልያምስ የተባለ የጨርቅ መደብር ሠራተኛ፣ እንደርሱው ከጧት እስከ ማታ በሥራ የሚደክሙ ወጣቶችን ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሰብስቦ አንድ ማኅበር መሠረተ። ይኸው ማኅበር እያደገ ሄዶ ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም የሚያስብ ሆነ፤ እኛም በአዲስ አበባ ወወክማ ብለን ያወቅነው እርሱን ነው። የእኔ ዘመን ልጆች ቅርጫት ኳስን የተማርነው በዚያ ነው፤ ቅርጫት ኳስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ በዚሁ ማኅበር ትምህርት ቤት የተፈጠረ ጨዋታ ነው። እንግዲህ የሠራተኛ ልጅ ጊዜ ማጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው፣ ያለችውን ትርፍ ሰዓት በሙሉ ለስልክ መስጠት ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ በሃይማኖት የሚያመካኘው ነው። ይህ ልጅ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋ ልምምድ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ጠቅሶ፣ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን በትልቅ እርካታ ነገረኝ። ጥቂት የሚጠቅም ነገር ፈጽሞ የማይጠቅም ማለት እንዳልሆነ፣ ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሯጮችን በምሳሌ ማቅረቡን፣ ሥጋችንንም የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ማለቱን ባስታውሰው ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከቶተንሃም ብዙም በማይርቀው በስትራትፎርድ ስታዲየም፣ መሠረት ደፋር የአምስት ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከልብሷ አውጥታ ወደ ፊቷ ባስጠጋች ጊዜ፣ ሥጋዋ ከእምነቷ ጋር ተጣልቶ ነበርን?

እነዚህ ሁሉ ግን የላይ ልብስ ናቸው፤ የውስጡን የነገረኝ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነው። በቶተንሃም ግሪን በኩል ሲያልፍ ሊመዘገብ አስቦ እስከ በሩ ሄዶ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ሰዎቹ መሣሪያውን እንደ ልባቸው ሲያዙት አይቶ፣ «ሁሉም የሚያውቁ፣ እኔ ብቻ የማላውቅ መሰለኝ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተመለስሁ» አለኝ። ልጆቼ፣ ከገንዘብም፣ ከጊዜም፣ ከክረምቱ ጨለማም ይልቅ ከዚያ ደጃፍ የሚመልሳችሁ ይህ ነው፤ ይሉኝታ ብላችሁ ብታለዝቡትም፣ ሥሩ ሲመረመር ጀማሪ ሆኖ መታየትን መጸየፍ ነው፤ እርሱም ትሕትና መስሎ የሚመጣ ትዕቢት ነው።

ይህን ትዕቢት ደግሞ የሚመግቡት ፌዘኞች ናቸው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዲት በእንክብካቤ ሥራ የምትተዳደር ልጃችን፣ ሐኪም ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ እያለ መሆኑን ስለ ነገራት፣ ከሥራ መልስ በዳውንሂልስ ፓርክ ዙሪያ በዝግታ መሮጥ ጀምራ ነበር። ከፓርኩ ስትወጣ ግን ቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡት ጐበዛዝት «ደራርቱ መጣች! ሰዓቷን ያዙላት!» እያሉ ተሣለቁባት። ወር ሳይሞላት ተወች። እነዚህ ልጆች ለፌዝ ያዋሉት ስም የማን እንደ ሆነ ቢያስቡ፣ አፋቸውን በእጃቸው በያዙ ነበር። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የአሥር ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ ሆናለች፤ እርሷም አንድ ቀን በበቆጂ ሜዳ ላይ ሩጫ የማታውቅ ልጅ ነበረች፣ አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱም ቀነኒሳንና ጥሩነሽን እንዳስጀመራቸው እርሷንም አስጀምሯታል። እኒያ ፌዘኞች በዚያ ሜዳ ዳር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ አገራችን ስንት ወርቅ ባጣች! ሌላውን ሲያስቀሩ እነርሱ ራሳቸው ምን ይሠራሉ? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሌላ ሰው እግር ሲሮጥ ይመለከታሉ፤ በቶተንሃም መንደር ተቀምጠው ለአርሴናል ሲጮኹ ከጐረቤት ጋር የሚጣሉበት ጉልበታቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ያልቅባቸዋል።

በልጅነቴ ፊደል የቈጠርሁት ከየኔታ ዘንድ፣ በዋርካ ሥር ነው። በዚያ ቦታ በልብ ማንበብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ፣ የእያንዳንዳችን ስሕተት ለሁሉ ይሰማ ነበር። ዳዊት የሚደግመው ትልቅ ልጅ ፊደል ከሚያምታታው ታናሽ ጎን ተቀምጦ፣ በጭራሮ እየጠቆመ ያሳየዋል እንጂ አይስቅበትም፤ የሳቀ ቢኖር የኔታ ከዳዊቱ አንሥተው ወደ ፊደል ይመልሱታል። ከዚህ የከበደ ቅጣት አልነበረም። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር የሳቀውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ላይ ሲሳቅ በሰማሁ ቍጥር፣ ያ መቋሚያቸው መሬቱን ሲመታ የምሰማ ይመስለኛል። በዚያ ዋርካ ሥር ማንም አፍሮ ሲሸሽ አላየሁም፤ ጀማሪ መሆን የዕድሜ ያህል የተፈጥሮ ነገር ነበርና።

እናንተ ግን መምህርን የናቃችሁ ትውልድ ሆናችኋል። አሠልጣኝ ስለ ምን አትይዝም ያልሁት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ «በዩቲዩብ አየዋለሁ» ብሎኛል። ዩቲዩብ ወገብህ መጕበጡን አያይም፤ ጉልበትህ ወደ ውስጥ መግባቱን አይነግርህም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ብቻውን የሮጠ ይመስላችኋል። ነገር ግን ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አስቀድሞ ከርሱ ጋር መንገዱን መርምሮ፣ ፋሺስቶች ከአገራችን ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ ቆሞ ከነበረበት ቦታ ሲደርስ ተፎካካሪውን ጥሎ እንዲሄድ ተማክረው ነበር፤ እንዲሁም ሆነ። የክብር ዘበኛው ጀግና ያለ መምህር ካልሮጠ፣ አንተ ከማን ትበልጣለህ? በዚህ ከተማ የግል አሠልጣኝ ለአንድ ሰዓት ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘወትር ያዙት አልልም፤ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ ለጥቂት ጊዜ ተማሩ፣ ያም ካልሆነ በብዙዎቹ ቤቶች ለአዲስ ገቢ መሣሪያውን የሚያሳይ ሰው ስላለ እርሱን ጠይቁ። መጠየቅ ዋጋው ያው ዕፍረት ነው።

ሴቶች ልጆቼ ከወንድ ጋር በአንድ አዳራሽ መልመድን እንፈራለን ብትሉኝ እቀበላችኋለሁ፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያላቸው ስፍራዎች አሉና ፈልጉ።

ስለ ጤና ጥቂት ልበል። አባቶቻችን ቦርጭን የድሎት ምልክት አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ ዛሬም ከአገር ቤት በቪዲዮ የሚደውሉ እናቶች ልጃቸው ትንሽ ሲቀንስ «ከሳህ፣ ምን ነካህ፣ አትበላም እንዴ?» ብለው ያለቅሳሉ። የዚህ አገር ሐኪሞች ግን ትውልዳቸው ከጥቁር አፍሪካ የሆነ ሰዎች ለስኳር በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ የክብደት አደጋ ለእኛ ከነጮቹ ዝቅ ካለ ልክ እንደሚጀምር ያስተምራሉ። ለማንኛውም ጐልማሳ በሳምንት 150 ደቂቃ ደህና ርምጃ ያህል እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖረው ይመክራሉ። 150 ደቂቃ ማለት ሁለት የእግር ኳስ ግጥሚያ አይሞላም። እናቶቻችሁን በፍቅር መልሱላቸው፣ ግን አትታዘዙላቸው፤ በዚህ ነገር ብቻ።

አሁንም ወደዚያው ዕፍረት ልመለስ። ሻምበል አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶንን አሸንፎ፣ ከሩጫው በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተደነቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው፤ ለሕክምናም ወደዚህ አገር፣ ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል መጣ። በዚያ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት የጀመሩት የአካል ጕዳተኞች ውድድር ነበረ። ያ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ቀስት መሳብን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው ስፍራ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ተወዳደረ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ባለ ድል የሆነ ሰው፣ ፍላጻው ከዒላማው ሲስት ሕዝብ ያየዋል ብሎ ደጁን ቢዘጋ ኖሮ ማን በፈረደበት? እርሱ ግን ደጁን አልዘጋም። እናንተ ምንም ያልጎደለባችሁ፣ በመስተዋት አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ገንዘብ የለኝም ለሚለው አንድ ነገር ልንገረው። ከሰቨን ሲስተርስ በምድር ውስጥ ባቡር አንድ ፌርማታ ሄደህ በፊንስበሪ ፓርክ፣ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በነጻ የሚደረግ የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ፓርክራን የሚባለው ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2004 በቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች ተጀምሮ ዛሬ ብዙ አገር ደርሷል። ሥርዓቱን ሳይ ደስ ያለኝ ነገር አለ፤ ከሁሉ ኋላ ሆኖ ለመሄድ የተመደበ በጎ ፈቃደኛ አለና፣ የመጣው ሰው ቢሮጥም ቢራመድም መጨረሻ የሚሆነው ያ የተመደበው ሰው ነው። የኔታ ቢያዩት ይመርቁት ነበር።

እናንተም የቡና ቤቱ ደጃፍ ጐበዛዝት፣ ያቺ ልጅ ከፓርኩ ስትወጣ ዳግመኛ ብታገኟት፣ ብትችሉ ተነሥታችሁ አብራችኋት አንድ ዙር ሩጡ፤ ባትችሉ ስኒያችሁን ይዛችሁ ዝም በሉ። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ የአብዛኞቻችሁን አባት አውቀዋለሁ፣ ስልካቸውም አለኝ።