አደራ ባይ የሌለው አደራ

ሰጪው ያልታወቀ፣ ተቀባዩም በስሙ ያልተጠራበት ነገር አደራ ሊባል ይችላልን? ይህ ጥያቄ በእኛ ላይ የመጣው አውራ ጣት በምታህል የመጫወቻ መኪና ምክንያት ነው።

ባለፈው ሐምሌ የእኅታችን ልጅ ልትዳር ስለ ነበረ፣ እኛ ባልና ሚስት ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ከዴንቨር ወደ ካንሳስ ሲቲ በመኪና ተጓዝን። መንገዱ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኋላ ወንበር ላይ፣ በልጆቹ መካከል፣ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ተቀምጦ ነበር። በሠርጉ ዋዜማ ማታ ሽማግሌዎች ባርከው የሚቈርሱት እርሱ ስለ ሆነ፣ ከእኛ ይልቅ የሚጠበቀው ዳቦው ነበር ማለት ይቻላል። የምዕራብ ካንሳስ ሜዳ ለዐይን ማረፊያ የለውም፤ የታጨደ ስንዴ፣ ሰማይ፣ እንደ ገና የታጨደ ስንዴ ነው። ስለዚህ ታላቋ ልጃችን ወንድሟ እንዳይሰለች ብላ ጂኦካቺንግ የሚባለውን የፍለጋ ጨዋታ በስልክ አዘጋጅታለት ነበር።

ጨዋታው ብዙ ዕድሜ የለውም። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ሆን ብሎ ያዛባበት የነበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ቀድሞ እስከ 100 ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ ባንድ ሌሊት ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ቀረበ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አቅራቢያ ባለ ጫካ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ አኑሮ ቦታውን ለፈለገ ሁሉ አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላ፣ እንዲሁም ደብተርና እርሳስ ይገኙ ነበር። ሕጉ አጭር ነበር፦ ጥቂት ውሰድ፣ ጥቂት ተው፣ ስምህን ጻፍ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሕጉም፣ የወሰድኸውን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ተካ ወደ ማለት ተጠናክሯል። ምግብ ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ አራዊት ያሸቱታልና። (ያ የመጀመሪያው ባቄላ ዛሬ ቢሆን ባልተፈቀደለትም ነበር።)

መጀመሪያ የቆምነው ከኮልቢ ከተማ ወጣ ብሎ ሚንጎ በተባለው የአውራ ጎዳናው መውጫ ነው። በዚያ ያለው ሣጥን ከሜይ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈለግ፣ እስከ ዛሬ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የቀደመው ነው ይባላል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሰዓት ክልል ተሻግረን አንድ ሰዓት ጠፍቶብን ኖሯል፤ የመኪናችን ሰዓት ግን የዴንቨርን ጊዜ ይቈጥር ስለ ነበረ ልብ አላልንም። ልብ ያልነው ሄይስን አልፈን በሁለተኛው ሣጥን አጠገብ ሳለን፣ የሙሽራዪቱ እናት ደውላ «የት ደረሳችሁ? ሽማግሌዎቹ እኮ 11 ሰዓት ተቀጥረዋል» ስትለን ነው። ሣጥኑ በዛፍ ሥር በድንጋይ የተከለለ ነበር። በችኰላ ከፈትነው፤ ብይ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ትንንሽ መጫወቻዎች ነበሩበት። በደብተሩ ላይ «ምንም አልወሰድንም፣ ምንም አልተውንም» ብለን ጽፈን፣ ፈርመን፣ ገሠገሥን።

ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዝን በኋላ የ7 ዓመቱ ልጃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ ከዳቦው ትንሽ ቈርሰን እዚያ ሣጥን ውስጥ ብንተው ኖሮ ይሆን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ምግብ ክልክል መሆኑን እኅቱ አስረዳችው። «ታዲያ ምን ልተውላቸው?» አለና ከኪሱ ቀይ የመጫወቻ መኪና አወጣ።

በመኪናው ውስጥ ሁለት ሐሳብ ሆንን። ከመካከላችን አንዱ፣ ዕቃዋ ከአንድ ዶላር አትበልጥም፣ ባለቤቷም አይታወቅም፣ ሽማግሌዎቹ ግን ዳቦውን እየጠበቁ ነው አለ። ሌላው መልስ አልሰጠም፤ ፍጥነቱን ብቻ ቀነሰ።

በእኛ ዘንድ አደራ ፊት አለው። «አደራ» የሚል አፍ፣ «እሺ» የሚል አፍ ይኖራል። ዕቁባችን በዋስ ይቆማል፣ ዕድራችን ዳኛ አለው፤ አደራ በላ የተባለ ሰውም ስሙ ከሰፈሩ አይጠፋም። በመሆኑም ከታማኝነታችን ምን ያህሉ የራሳችን፣ ምን ያህሉ የጎረቤት ዐይን እንደ ሆነ ሳንመዝን ዘመናችንን እንጨርሳለን። ያ ሣጥን ይህን ድጋፍ ሁሉ ይነሣል። ቁልፍ የለውም፣ ጠባቂ የለውም፣ ዋስም አይጠራበትም። ሆኖም መኪናዋን በዚያ ያኖረ ሰው፣ በማያውቀው ልጅ ተማምኖ ማኖሩ የተረጋገጠ ነው። በቃል ባይናገረውም፣ ማንም በማያይበት ስፍራ ዕቃውን ትቶ መሄዱ ራሱ «አደራ» ማለት ይመስለናል።

ከመኪናዋ ይልቅ የከበደን ግን ደብተሩ ነው። ልጁ መጫወቻ ወሰደ፤ ልጅ ነውና። እኛ ግን ሳንጠይቀው፣ ኪሱን ሳናይ፣ «ምንም አልወሰድንም» ብለን በፊርማችን መሰከርን። ይህን ያደረግነው ደግሞ ወደ መጥፎ ነገር ስንሮጥ አልነበረም። ወደ በጎ ጉዳይ የሚቸኩል ሰው፣ በመንገዱ ያለችውን ትንሽ ነገር ረግጦ ለማለፍ ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል፤ ክፉ አድራጊ ቢያንስ ዞር ብሎ ያያል።

አልተመለስንም። ዳቦው ሊዘገይ አይችልም፣ ዕዳው ግን እስከ እሑድ ሊቆይ ይችላል ብለን ፈረድን። በዚህ ፍርድ እስከ ዛሬ ሁለታችን አልተስማማንም፤ ከእኛ አንዱ፣ እንዲቆይ የሚደረገው ሁልጊዜ የማይታየው ሰው ዕዳ ነው ይላልና። ለዚህም ሌላችን በቂ መልስ አላገኘንለትም።

ዳቦው ተባረከ፣ ተቈረሰ፤ ሠርጉም በእልልታ አለፈ። ልጁ ከሚዜዎቹ ጋር ሲዘል ሳለ እንኳ አንድ እጁ ከኪሱ አልወጣም።

እሑድ ስንመለስ ያን ዛፍ ፈልገን አገኘነው። ልጁ መኪናዋን መለሰ፤ አጠገቧም በሠርጉ ላይ የተሰጠውን፣ በነጭ ሪባን የታሰረ ትንሽ ደወል አኖረ። እኛ የጻፍነውን ለመሰረዝ ደብተሩን ስንገልጥ፣ ከፊርማችን በታች የቅዳሜ ቀን የሰፈረባቸው ሁለት ስሞች አየን። መስመራችንን ሰርዘን ከእነርሱ ሥር እውነተኛውን ጻፍን።

ልጁ በትከሻችን ላይ ተንጠራርቶ ሲያይ ቆየና «እነዚህ ሰዎች እኮ የፊተኛውን አንብበው ሄደዋል፤ ለእነርሱ ማን ይነግራቸዋል?» አለ።

ድንጋዩን በስፍራው መልሰን ወደ መኪናችን ገባን። ልጁ እስከ ዴንቨር ድረስ መልስ ጠበቀ።