አስታማሚዋንስ ማን ጠየቃት?

 

በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አያጣም፣ አልሐምዱሊላህ። በጁሙዓ ሰው ይገባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል። ቡናውን የምታፈላው ግን ሌሊቱን አባቷን ስታገላብጥ ያደረችው ልጅ ናት። ሁላችንም ወደ መደቡ ዞረን «አላህ ያሽርዎት» እንላለን። ወደ ረከቦቱ ዞር የሚል የለም።

ሕመሙ የሳምንት ከሆነ ይቻላል። ስኳር፣ ኩላሊት፣ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን የዓመታት ነው። ለቀጠሮ ደሴ ድረስ ሲኬድ የመኪናው፣ የአልጋው፣ የመድኃኒቱ ወጪ አለ፤ እርሻውም ይቆማል። ቡታጅራ ላይ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ቤተሰቦቹ ከሁሉ በላይ ያነሱት የገንዘብ ችግርን ነበር። ሥራቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም ተጎድቷል። ብዙዎቹ የተጽናኑት በጸሎት ነው። እንግዲህ ዱዓችን እንዳለ ሆኖ ኪሳችንም ይዳሰስ።

«ማስታመም የሴት ሥራ ነው» የምትሉ ወንድሞች ደግሞ የዑስማንን (ረ.ዐ) ነገር አስታውሱ። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ሶሐባዎች ወደ በድር ሲወጡ እሳቸው መዲና ቀሩ። ሚስታቸው ሩቀያ፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ፣ ታማ ነበር። ያስቀሯቸውም ነቢዩ ራሳቸው ናቸው፤ በድር ላይ የተገኘ ሰው አጅርና ድርሻ እንዳላቸውም ነገሯቸው። ቡኻሪ ዘግቦታል። ሩቀያ አልዳነችም። የድሉ ዜና መዲና ሲደርስ እሷ እየተቀበረች ነበር። አጅሩ ግን በመዳኗ ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። ዓመታት አስታምማ «ምንም አልፈየድኩም» ለምትል እህት ይህን ንገሯት።

የዓለም ጤና ድርጅት የሰውን ደህንነት ለመለካት የሚጠቀምበት የአምስት ጥያቄ መጠይቅ አለ። ስለ በሽታ አንድም አይጠይቅም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ብሎሽ ነበር? ተረጋግተሽ ነበር? ብርታት ነበረሽ? ስትነቂ እረፍት ያገኘሽ ይመስልሽ ነበር? ቀንሽ የሚስብሽ ነገር ነበረው? ሐሳቡ ይኸው ነው። ለአስታማሚዋ፣ ጓዳ ገብታችሁ፣ ብቻዋን ስትሆን ጠይቋት። በሽተኛው ፊት እውነቱን አታወጣውም።

ዛሬ ከሶላት በኋላ ስትሄዱ ቡናና ስኳሩን ይዛችሁ ግቡ፣ እናንተው አፍሉት። ታማሚው ወንድ ከሆነ ከወንድሞች አንዱ፣ ሴት ከሆነች ከእህቶች አንዷ ነገ ሌሊት እዚያ ይደሩ፤ እሷ ትተኛ።