የማን ታሪክ ነው?

ከጦርነቱ በፊት በኻርቱም፣ በዴም ሰፈር፣ ቡና ላይ የማይነሣ ጉዳይ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የማኅፀን በር ካንሰር ግን በስሙ እምብዛም አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ ከሴቲቱ ሕመም ይልቅ ጠባይዋ ይመረመራል፤ በአንድ ትዳር የጸናችውንም የሚይዝ መሆኑ ይዘነጋል።

ታዲያ ታክማ የዳነች ሴት ያየችውን ለአዲሷ ታማሚ የመናገር ግዴታ አለባትን? ሐኪም የዕጢውን ደረጃ ይነግራታል። ከጨረር ሕክምና በኋላ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ፣ ባል ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚደረግ የምታውቀው ግን ያለፈችበት ናት። ዝምታዋ ለእርሷ መጠለያ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ሌላዋ ናት።

ሆኖም ታሪክ ባለቤት አለው። በ1951 እ.ኤ.አ. በዚሁ በሽታ በአሜሪካ ከሞተችው ከሄንሪየታ ላክስ ሰውነት ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰዱት ሕዋሳት በዓለም ቤተ ሙከራዎች ተባዝተው ለብዙ ምርምር ጠቀሙ። ጥቅሙ እውነት ነው፤ በደሉም እንዲሁ። ጎረቤት «እገሊትም ነበረባት» ብላ ብታጽናና፣ አሳቧ በጎ ቢሆን እንኳ፣ ከሐሜት አይለይም።

ስለዚህ ግዴታው ካለ ጠባብ ነው፤ ለጠየቀች፣ ለብቻዋ፣ የራስን ብቻ። የአንዷ ዕጢ የሌላዋ አይደለምና ምክር እንጂ ትንቢት አይሆንም።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ የከተማዪቱ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሥራው ተቋረጠ፤ ታማሚዎችም ተበተኑ። ካርዷን ጥላ ለሸሸች ሴት፣ ስንት ጊዜ ጨረር እንደ ወሰደች የሚያስታውሱት እርሷና ምናልባት አንድ ቀን የነገረቻት ጓደኛዋ ናቸው።